መቅኔ እዚህ ስንት ነው? እዚያስ?

ልጄ ብሩክ ሞቷል፤ ስድስት ዓመቱ ነበር።

ይህን ከመጀመሪያው የነገርኳችሁ መሐል ላይ ተስፋ እንዳታደርጉ ነው። እኔ አድርጌ አይቼዋለሁ፤ ያደክማል። አሁን ስለ ዋጋ እናውጋ።

የደብረ ብርሃን ሰው ዋጋ ሲጠይቅ አንድ ጥያቄ አይበቃውም። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ ስታልፉ ያስቆማችሁና «ስንት ነው?» ይላችኋል። ስትነግሩት «እዚያስ?» ይላል። «እዚያ» ማለት አንዳንዴ አዲስ አበባ ነው፤ አንዳንዴ አሥመራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ባሕር ማዶ ነው። ጠያቂው ባሕር ማዶ የመሄድ ሐሳብ የለውም። ጫማውንም አይገዛም። ሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን ካላስቀመጠ ግን ልቡ አያርፍም። ለትምህርት ውጭ አገር ከርሞ የተመለሰ አንድ የጎረቤታችን ልጅ ነበር፤ እንኳን ደህና መጣህ ሊሉት የተሰበሰቡት ሰዎች የተማረውን ትተው የሽንኩርት ዋጋ ሲጠይቁት ዋሉ። ልጁ አምስት ዓመት ተማሪ ቤት በልቶ ያደረ ነው፤ ሽንኩርት በኪሎ ስንት እንደሆነ አላውቅም አለ። አንዱ ሽማግሌ በጣም አዘኑ። «ታዲያ እዚያ ምን ስትሠራ ነበር?» አሉት።

እናንተም ትጠይቃላችሁ። እኔም እጠይቃለሁ።

መዘዞ የሚኖር አጎት አለኝ። አንድ ጊዜ መርካቶ ወረደና ብርድ ልብስ ገዛ። የውጭ ነው አሉት፤ በእጥፍ ዋጋ ወሰደው። ወደ አገሩ ሲመለስ እኔ ጋ አደረና ፈትቶ አሳየኝ። እኔ የምሠራው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ሱፍ መዛኝ ነኝ። ጠርዙን ገልብጬ አየሁት። የኛ ነው። ክሩን አውቀዋለሁ፤ ቀለሙን አውቀዋለሁ፤ የጠርዙን ስፌት አውቀዋለሁ። ሱፉን የመዘንኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ እንዲያውም ከራሱ ከአጎቴ በጎች ጀርባ የተሸለተ ሊሆን ይችላል። ነገርኩት? አልነገርኩትም። ሦስት ክረምት ሞቆት ተኛ።

እንግዲህ ይህን የዋጋ ፍቅር ይዤ ነው ሐኪም ቤት የገባሁት።

ብሩክ የታመመው መስከረም ላይ ነው። እናቱ አስካለ ገላውን ስታጥበው ጀርባውና እግሩ ላይ የበለዘ ነገር አየች። «ማን መታህ?» አለችው። «ማንም» አለ። ሰናይት የምትባል የስምንት ዓመት እህት አለችው፤ ሁለቱ ሳይጣሉ የዋሉበት ቀን ስለሌለ ነገሩ በእሷ ተላከከ። ሰናይትን ላልሠራችው ጥፋት ሁለት ጊዜ ተቆጣናት። በሦስተኛው አፍንጫው ነሰረና አልቆም አለ። ያን ጊዜ ማንም እንዳልመታው ገባን። ኅዳርን አንኮበር፣ የአስካለ እናት ዘንድ ከርሞ ጸበል ተጠመቀ። መልኩ ትንሽ የተመለሰ መሰለን። የአንኮበር ብርድ ጉንጭ ያቀላል፤ እሱን ነው ያየነው። ታኅሣሥ ላይ ይዤው አዲስ አበባ ገባሁ።

ያየው ሐኪም ወጣት ነው፤ ጢሙን ለመላጨት ጊዜ ያጣ የሚመስል። ደሙን አስመረመረ፤ ከዳሌው አጥንትም በመርፌ ወስዶ አየ። ከዚያ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ።

«ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ ነው» አለኝ። «መቅኔው ውስጥ። የልጅዎ መቅኔ ሥራ አቁሟል።»

«ለምን?»

«አናውቅም።»

«መድኃኒቱስ?»

«ሌላ መቅኔ ነው። ከእህት ወይም ከወንድም አጥንት በመርፌ ይቀዳል። የሚስማማ ከሆነ ልክ እንደ ደም በክንዱ ሥር ይሰጠዋል። ከዚያ በራሱ ጊዜ ሄዶ አጥንቱ ውስጥ ይገባና ሥራ ይጀምራል።»

«መንገዱን ማን ያሳየዋል?»

ሐኪሙ ትንሽ ፈገግ አለ። «እሱንም አናውቅም።»

እኔ ከደብረ ብርሃን የመጣሁት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አጽፌ ነው። ኬላ ላይ ከአውቶቡስ አውርደው ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አንብበዋል፤ አንዱ እንዲያውም ገልብጦ ይዞ ነው ያነበበው። መቅኔ ግን ወረቀት የለ፣ ጠያቂ የለ፣ በክንድ ገብቶ ዳሌ ይደርሳል። ቀናሁበት።

ከዚያ ያገሬን ጥያቄ ጠየቅሁ። «ስንት ነው?»

«እዚህ የለም» አለ።

«እዚያስ?»

ውጭ አገር አብሮት የተማረ ጓደኛ አለው፤ ጽፎ ጠይቆልኝ በሌላ ጊዜ ስመለስ ቁጥሩን ብጣሽ ወረቀት ላይ አድርጎ ሰጠኝ። ቁጥሩን ለእናንተ አልጽፍላችሁም፤ ምክንያቱም ወዲያው መመንዘር ትጀምራላችሁ። እኔ አውቶቡስ ውስጥ መንዝሬዋለሁ። ደመወዜን ሳልበላ ሳልለብስ ባጠራቅም ገንዘቡ ሲሞላ ብሩክ ጡረታ ይወጣል።

ሰፈር ስደርስ ሁሉም በየእጁ ባለው ነገር መነዘረው። የፋብሪካ ጓደኞቼ በብርድ ልብስ አሰሉት። አጎቴ በበግ አሰላውና መዘዞ ውስጥ ያን ያህል በግ የለም አለ። ከአልዩ አምባ እየወጡ ብርቱካንና ጥጥ የሚሸጡ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ አሉ፤ ከአባቴ ጀምሮ ወዳጃችን ናቸው። እሳቸው በአህያ ጭነት ነው ያሰሉት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን እያጠፉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆዩና ተስፋ ቆረጡ።

«አላህ ያሽረው» አሉ። «ይህን ሁሉ ብርቱካን የአንኮበር ዳገት አይችለውም።»

ገንዘቡ ቢገኝ ራሱ በብር ነው፤ ውጭ ደግሞ ብር አይቀበሉም። ምንዛሪ መንግሥት ዘንድ ነው። ውጭ አገር እንኳ በኛ ዘመን ሁለት ነው፤ የሚያስከፍል ውጭ አገር አለ፣ በነፃ የሚያክም ወዳጅ ውጭ አገር አለ። በወዳጁ በኩል ሞክር ያሉኝ ነበሩ። ጠየቅሁ። ነፃ የሆነው ቦታ ወረፋው ረጅም ነው፤ ወረፋ ለመያዝም ከማኅበር፣ ከቀበሌና ከአውራጃ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤዎቹ ተሟልተው ስሄድ ደግሞ ይህን የመቅኔ ሥራ እዚያ ይሠሩት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የቀረው በር አንድ ነው። አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ኮሚቴ አለ። ኮሚቴው እሺ ካለ ወጪውንም ምንዛሪውንም መንግሥት ይችላል፤ ብሩክና ሰናይት ይሄዳሉ። እሺ ካላለ ብሩክ እዚሁ ነው። እዚሁ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮኛል።

ለሰናይት ነገርናት። መቅኔ የምትሰጪው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ፤ ይስማማ እንደሆነ እዚያ ሄዳችሁ ትታያላችሁ አልናት። መርፌ ስለሆነ ታለቅሳለች ብለን ፈርተን ነበር። አላለቀሰችም። በማግስቱ ጠዋት ግን ቤቱን መግዛት ጀመረች። ብሩክ ኳሱን አልሰጥም ሲል «መቅኔዬን አልሰጥህም!» ትለዋለች፤ ኳሱ ይመጣል። ምንጣፉ ላይ በኔ በኩል ነው የምተኛው ሲል «መቅኔዬን!» ትላለች፤ ይለቃል። አስካለ ልትቆጣት ተነሥታ ሳቋ አሸነፋት። በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ የተሳቀው በዚህ ብቻ ይመስለኛል።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲዞር እየተሞረደ ሄደ። እኔ የተናገርኩት የብሩክ መቅኔ ሥራ አቁሟል ብዬ ነው። ሦስተኛው ቤት ሲደርስ የብሩክ መቅኔ አልቋል ሆነ። የኛን አገር ታውቁታላችሁ፤ በግ ሲታረድ ቅልጥሙ ለአራስ ወይም ለታመመ ሰው ይቀመጣል። መቅኔው ላለቀ ልጅ ደግሞ ከቅልጥም በላይ ምን አለ? የገና ዕለት እትዬ ዘነበች በሳህን ሸፍነው አመጡ። እትዬ ዘነበች አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሰፈሩን በሽተኛ ሁሉ እንደ ሥራ ይዘውታል። በጥምቀት ከሦስት ቤት መጣ። በቅበላ ሰሞን የማናውቃቸው ሰዎች ሁሉ ላኩ። በግ ያረደ ሁሉ ቅልጥሙን ለብሩክ ይልክ ጀመር።

ይህ ሐኪሙ ያለው እንዳልሆነ ለማስረዳት አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። እትዬ ዘነበች በትዕግሥት ሰሙኝ።

«መቅኔ ነው ወይስ አይደለም የሚያስፈልገው?» አሉኝ።

«ነው፣ ግን...»

«ይሄስ ምንድነው?» አሉና ሳህኑን ገለጡት።

ነገሩን ሳስበው ከሐኪሙ ብዙም አልራቁም። የሚለያዩት በማን አጥንት ላይ ነው። ብሩክም ቅልጥም ይወዳል። ሳህኑን ተቀበልኩ።

ወደ ቅጹ ልምጣ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የተቀበለኝ ጸሐፊ ወፍራም መነጽር የሚያደርግ ትሑት ሰው ነው። ከመሳቢያው አውጥቶ ባለ አራት ገጽ ቅጽ ሰጠኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ የመኖሪያ ቀበሌ፣ የማኅበር አባልነት፤ እስከ ሦስተኛው ገጽ ማንም ይሞላዋል። አራተኛው ገጽ ከላይ እስከ ታች በመሥመር ለሁለት ተከፍሏል። በግራ «በአገር ውስጥ የሚያስፈልግ ወጪ» ይላል። በቀኝ «በውጭ አገር የሚያስፈልግ ወጪ» ይላል። ሳየው ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እዚህ ስንት ነው፣ እዚያስ? መንግሥትም እንደኛ ነው አልኩ በልቤ።

«ዓምዶቹን አሟልተው ያምጡ» አለኝ ጸሐፊው። «ባዶ ዓምድ ያለበት ቅጽ ለኮሚቴ አይቀርብም።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ሕክምናው እዚህ ከሌለ የግራውን በምን ልሙላው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ አልጠየቅሁም። ሥራዬ ስለሆነ ነው። ሱፍ ሲገባ ሚዛን ላይ ቆሜ እጽፋለሁ፤ የመጣበት ቦታ፣ የጆንያው ክብደት፣ የእርጥቡ፣ የቆሻሻው ተቀናሽ። የኛ ሹም ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ካየ ፊት ለፊታችሁ ይቀደዋል። ስምንት ዓመት እንዲህ ስትሠሩ ባዶ ሣጥን ስታዩ እጃችሁ ይበላችኋል። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ።

የሞላነው በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ሐጂ ሰይድ ሸጠው ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ጎራ ብለዋል፤ እትዬ ዘነበችም አሉ። የቀኙን ዓምድ ከሐኪሙ ብጣሽ ወረቀት ገለበጥኩት፤ አንድ ቁጥር ነው፣ አለቀ። የግራውን ግን እንደ ሱፍ መዝኜ ልሞላው ተነሣሁ። የአውቶቡስ ትኬት፣ በሰው ብዛት። ለምርመራ የተከፈለ። ደም የሰጡት ሁለት የፋብሪካ ልጆች የበሉት ምሳ። አንኮበር ጸበል የከረሙበት፣ ጧፍና የጸበል ዕቃ። ብርዱን እንዲችል የተገዛለት የሱፍ ሹራብ። ከዚያ ብርቱካን ላይ ደረስኩ። ሐጂ ሰይድ በየገበያው አንድ ዘንቢል ብርቱካን ያመጡለታል፤ ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም።

«ሐጂ፣ የብርቱካኑን ስንት ልበለው?»

«የምን ብርቱካን?»

«የብሩክን።»

«እሱ ሶደቃ ነው፤ ዋጋ የለውም።»

«ዓምዱ ዋጋ ይጠይቃል።»

«እንግዲያው የገበያውን ጻፍ» አሉ ተቆጥተው። «ግን የዛሬን እንዳትጽፍ፣ ዛሬ ረክሷል።»

ቀጥሎ ቅልጥም መጣ። እስከዚያ ቀን አሥራ ዘጠኝ ቅልጥም ገብቷል፤ ቆጥሬያለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቅልጥም ለብቻው አይሸጥም፤ ከእግሩ ጋር ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ መዛኝ ነኝ። አንድ ቅልጥም ከአንድ እግር ስንት እጅ እንደሚሆን በግምት አወጣሁና በአሥራ ዘጠኝ ላባዛው ስል እትዬ ዘነበች እስክሪብቶዬን ያዙት።

«አንተ የብሩክ አባት፣ ሰጥቼ ስጨርስ ዋጋ ልትለጥፍብኝ ነው?»

«ለመንግሥት ነው፣ እትዬ።»

«መንግሥት ቅልጥሜን ምን አገባው? ነገ ደግሞ በግ አላት ብሎ ቢመጣብኝስ?»

«ስምዎን አልጽፍም።»

«ተወው ዘነቡ፣ ይጻፍ» አሉ ሐጂ ሰይድ። «የኔን ብርቱካን ጽፎ ያንቺን ቅልጥም ሊተው ነው እንዴ?»

እስክሪብቶውን ለቀቁልኝ። አስካለ ብሩክን ጭኗ ላይ እንዳስተኛች ታየኛለች። «ይህን ሁሉ ለምን ትጽፋለህ?» አለችኝ በመጨረሻ። «ያላደረግንለት ነገር እንደሌለ እንዲያዩ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው። ያን ሁሉ ደክመን ካልሆነልን፣ ወደ ውጭ መሄዱ የግድ መሆኑን ማንም ያያል ብዬ ነው። ደመርኩት። ከአንድ ደህና ራዲዮ ዋጋ አይበልጥም። መሥመሩ ቀጥ ያለ፣ ቁጥሩ ከቁጥር ሥር የተደረደረ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያማረ ወረቀት ጽፌ አላውቅም።

ጸሐፊውም አደነቀው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ እስከ ቅልጥሙ ድረስ አነበበና «እንደዚህ አሟልቶ ያመጣ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም» አለኝ። የሐኪሙን ደብዳቤ ከኋላው በስፒል አያያዘው። መልሱ በፋብሪካው አድራሻ ይላክልሃል ተባልኩ።

ጾሙ እንዲሁ አለፈ። ብሩክ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ሄዶ ደም ተሰጠው፤ ሲሰጠው ለጥቂት ቀን ይሮጣል፣ ከዚያ ይቀመጣል። መልሱ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ ነው። ሹማችን ነው አምጥቶ የሰጠኝ፤ ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። አጭር ነው። ኮሚቴው ሁለቱን ወጪዎች አነጻጽሮ ተመልክቷል፤ በአገር ውስጥ የተጀመረው ሕክምና በአነስተኛ ወጪ በመከናወን ላይ መሆኑ ስለታየ በዚሁ እንዲቀጥል ተወስኗል። ማኅተም አለው። ፊርማ አለው። ባዶ ቦታ የለውም።

ደግሜ አነበብኩት። ልክ ናቸው። ሁለት ዓምድ ቀርቦላችኋል፤ አንዱ የራዲዮ ዋጋ ነው፣ ሌላው አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ የማይሞላው ነው። እናንተስ የትኛውን ትመርጣላችሁ? የሐኪሙ ደብዳቤ እዚህ የለም ይላል፤ ግን ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፣ ቅጹ በአማርኛ ነው። ቅጹ ደግሞ አለ ይላል። በአሥራ ዘጠኝ ቅልጥም፣ በብርቱካን፣ በጸበልና በሹራብ ሕክምናው ደብረ ብርሃን ውስጥ እየተካሄደ መሆኑን በዝርዝር ያስረዳል። ጽሕፈቱም የኔ ነው።

በማግስቱ አዲስ አበባ ሄድኩ። ጸሐፊው አስታወሰኝ። ደብዳቤውን አነበበ፤ ቅጹንም ከፋይሉ አውጥቶ አየው።

«ሕክምናው እዚህ ከሌለ ይህን ሁሉ ለምን ጻፉት?»

«ባዶ ዓምድ አይቀርብም ስላሉኝ ነው።»

«የለም ብሎ መጻፍም መሙላት ነው እኮ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ከመሳቢያው አዲስ ቅጽ አውጥቶ ሰጠኝና ለሚቀጥለው ስብሰባ ራሱ ቀድሞ እንደሚያስገባልኝ ነገረኝ። የሚያስገባልኝ ይመስለኛል። ቅጹ ግን አሁንም እኔ ጋ ነው። ብሩክ ደብዳቤው በመጣ በአሥራ አንደኛው ቀን አረፈ። የግራውን ዓምድ አልሞላሁትም፤ ባዶ ሳየውም እጄን አልበላኝም።

እድሩ የዚያኑ ዕለት መጣ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ቆፋሪው፣ ሳጥኑ፤ ሁሉም በየቦታው ነው፤ ማን ምን እንደሚያመጣ ይታወቃል፤ ስንት እንደሆነ ይታወቃል። ቅጽ አላስሞሉኝም። ሐጂ ሰይድ ከአልዩ አምባ ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው መጡ፤ ድንኳኑ በር ላይ ቆመው «ኢና ሊላሂ» አሉና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ስሙን አልናገርም፣ ደግ ሰው ነው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ለመሆኑ» አለኝ፣ «ውጭ ቢሄድ ስንት ይፈጅ ነበር?»

ነገርኩት። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። አልተቀየምኩትም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እጠይቅ ነበር።

አስካለ ስለ ቅጹ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረችም። ሰናይት ግን አንድ ቀን ማታ ራት ላይ «መቅኔዬ አይስማማውም ብለው ነው የቀረነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም አልኳት። ታዲያ ለምን ቀረን አለች። የመለስኩላት መልስ ደህና መልስ አልነበረም። አንድ ቀን ስታድግ ይህን ታነበው ይሆናል፤ የጻፍኩትም አንድም ለዚያ ነው። ያንቺ መቅኔ ምንም አልሆነም፣ ሰናይት። ስህተቱ አራተኛው ገጽ ላይ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤው የመጣበትን ሐሙስ ልንገራችሁና እናብቃ።

ከፋብሪካ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ደብዳቤው የኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። ግቢ ስገባ ፀሐዩ ገና አልወረደም፤ ብሩክ ሹራቡን ለብሶ ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፣ ሰናይት አጠገቡ ናት። መሐላቸው አንድ ሳህን አለ። እትዬ ዘነበች የፋሲካን ቅልጥም በፍም ጠብሰው በአጥር በኩል አቀብለዋቸው ነው። ልጆቹ አጥንቱን በድንጋይ ሊመቱት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ብሩክም እጁ እንዳይበልዝ ተከልክሏል።

«አባዬ፣ አንተ ስበርልን» አለኝ።

መጥረቢያውን አመጣሁ። የአጥንቱን ሁለት ጫፍ በመጥረቢያው ጀርባ መትቼ አነሣሁለትና ሰጠሁት። ሳህኑ ላይ ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው። መቅኔው ሳይበጠስ ሙሉውን ተንሸራቶ ወረደ። በማንኪያ ለሁለት ከፈለው። ትልቁን ወደ ሰናይት ገፋ።

ሰናይት ተጠራጠረች። «ምን ፈልገህ ነው?»

«ብይ።»

«ምን ላደርግልህ?»

«ምንም። ለእኔ ስትሰጪ እንዳያልቅብሽ ነው።»

እሷም እንቢ የምትል ልጅ አይደለችም፤ በላችው። እሱም የራሱን በላ፤ ማንኪያውን ላሰ። ከዚያ ባዶውን አጥንት አነሣና ጫፉን በሹራቡ እጅጌ ጠረገው። አንዴ እፍ አለበት። ዓይኑ ላይ አስጠግቶ አንዱን ዓይኑን ጨፈነና በቀዳዳው አጥሩን አየ፣ ሰናይትን አየ፣ ዞሮም እኔን አየኝ።